በጉ የተተወበት ቅዳሴ

የላቲን ጸሎትና ዘመናዊ ግጥም አብረው ሲዘመሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለጆሮ የሚጥም ቅልቅል ነው። የቤንጃሚን ብሪትን «ዋር ሪኩዌም» ግን ሁለቱን ያጣላቸዋል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1962 የቀረበው እንግሊዝ ውስጥ፣ በቦምብ በፈረሰው የኮቨንትሪ ካቴድራል ምትክ የተሠራው አዲሱ ሲመረቅ ነው። ብሪትን በሙታን ጸሎት መሀል የዊልፍሬድ ኦወንን 9 ግጥሞች አስገባ። ኦወን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው በ25 ዓመቱ የተገደለ ወታደር ነው።

የመሥዋዕቱን ክፍል በደንብ አድምጡት። መዘምራኑ እግዜር ለአብርሃምና ለዘሩ የገባውን ቃል ይዘምራሉ። በኦወን ግጥም ግን አብርሃም በጉን ትቶ ልጁን ያርዳል። ሁለቱ ወንድ ድምፃውያን ግድያውን ሲደጋግሙ ሕፃናቱ ከሩቅ፣ የግሪጎርያን ዜማን በሚያስታውስ ቀጥ ያለ ድምፅ፣ ምስጋና ማቅረባቸውን ይቀጥላሉ። ማንም ማንንም አይሰማም።

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ሁለት ለውጦች ሲጋጩ አንዱን መርጠን እናልፋለን። ብሪትን አልመረጠም። ግጥሙ ጸሎቱን ይሞግታል እንጂ አያስውበውም፤ ጸሎቱም አፉን አይዘጋም። መጨረሻ ላይ ሁሉም አብረው ሲዘምሩ እንኳ ደወሎቹ እነዚያኑ የማይስማሙ ሁለት ድምፆች ይደውላሉ። ልጆቹን ቀብሮ ለሚጸልይ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ታማኝ ሙዚቃ አላውቅም።