መጣል የሚያውቅ ማኅደር

የቤት ደህንነት ካሜራ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ምስሉ ጥራት ነው፤ ስንት ሜጋፒክስል ነው፣ በጨለማ ያያል ወይ፣ የመኪና ታርጋ ያስነብባል ወይ። ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ ባለቤቱን የሚፈትኑት ግን ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ዲስኩ የስንት ቀን ቅጂ ይይዛል? አንድ ነገር ሲፈጠርስ የዚያችን ደቂቃ ምስል ቶሎ አገኛታለሁ? ብዙ መቅጃዎች የመጀመሪያውን ለትልቅ ዲስክ፣ ሁለተኛውን ለባለቤቱ ትዕግሥት ይተዉታል።

ፍሪጌት የተባለው ሶፍትዌር የሚደነቀው ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ስለያዛቸው ነው። ብሌክ ብላክሺር የጀመረው፣ የኮዱ ምንጭ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በኤምአይቲ ፈቃድ በነፃ የሚገኝ የካሜራ መቅጃ ነው። ምስሉን ወደ ሩቅ ኩባንያ ሰርቨር ሳይልክ እዚያው ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ መርምሮ ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ቅጂው አይቋረጥም። ምን መጣል እንዳለበት በጥንቃቄ ስለሚወስን፣ የሚተርፈው ለዲስኩም ለዓይንም ይቀላል።

ሥራው ለምን ከባድ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። አራት ካሜራ ያለው ግቢ በቀን ከ170 ጊጋባይት በላይ ይጽፋል፤ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ሳምንት ሳይደፍን ያልቃል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አብዛኛው የተዘጋ በር፣ ባዶ ግቢና በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠል ነው።

ፍሪጌት ከእያንዳንዱ ካሜራ የሚመጣውን ምስል በ10 ሰከንድ ቁራጮች ይከፍለዋል። ካሜራው አስቀድሞ ጨምቆ የላከውን እንደገና አይጨምቀውም፤ እንደመጣ ይገለብጠዋል። ስለዚህ የምስሉ ጥራት አይጎዳም፣ ኮምፒውተሩም በከንቱ አይደክምም። ቁራጮቹ በቀጥታ ዲስክ ላይ አይወድቁም። መጀመሪያ ጊዜያዊ ማቆያ ላይ ያርፋሉ፤ ይህን ማቆያ በኮምፒውተሩ ራም ላይ ማድረግ ይቻላል። እዚያ እያሉ ሶፍትዌሩ ይመዝናቸዋል፤ እንቅስቃሴ ነበረባቸው? ሰው ታይቶባቸዋል? ባለቤቱ እንዲቀመጥ ካዘዘው ጋር የማይገጥም ቁራጭ ዲስኩን ሳይነካ ይጠፋል። አውድማ ላይ ገለባው ለነፋስ ተሰጥቶ ፍሬው ብቻ ወደ ጎተራ እንደሚገባው ማለት ነው።

የ10 ሰከንዱ ቁራጭ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቤት ዋጋው ይታወቃል። የኤምፒ4 ፋይል ማውጫ በተለመደው አሠራር የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው። አንድ ረጅም ፋይል ሳይዘጋ መብራት ከጠፋ ሙሉው ቅጂ ላይከፈት ይችላል። በአጫጭር ቁራጮች የተያዘ ቅጂ ግን የሚያጣው ገና ወደ ዲስክ ያልተሻገሩትን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ነው። ሌባ መብራት አጥፍቶ ቢገባ እንኳ ወደ ቆጣሪው ሲጠጋ የነበረው ምስል የመትረፍ ዕድል አለው።

ምዘናው ራሱ በደረጃ የተሠራ ነው። ዘመናዊ ካሜራዎች አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የምስል ፍሰት በአንድ ጊዜ መላክ ይችላሉ። ፍሪጌት ትልቁን ለማስቀመጥ፣ ትንሹን ለመመርመር ይጠቀምባቸዋል፤ ለምርመራ በሰከንድ 5 ምስል ይበቃዋል። መጀመሪያ ርካሹ ሥራ ይቀድማል፤ ካለፈው ምስል የተለወጠ ነገር አለ? ከሌለ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ካለ ሙሉውን ምስል አሳንሶ፣ የታየው ምን እንደሆነ ለሚለየው ሞዴል አይሰጠውም። እንቅስቃሴ ያለበትን ስፍራ በአራት ማዕዘን ቆርጦ እሱን ብቻ ያቀርባል። በዚህ ቆረጣ ምክንያት ከግቢው ጥግ ያለ ሰው ነጥብ ሆኖ አይቀርም፤ ሞዴሉ ፊት የሚቀርበው ሰው መሆኑ በሚታይ መጠን ነው። ጉግል ኮራል የተባለችውን ትንሽ ማፋጠኛ ለገጠመ ሰው አንዱ ፍተሻ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል።

ቆማ የምታድር መኪናም ታስቦላታል። አንድ ነገር ለጥቂት ጊዜ ካልተነቃነቀ ሶፍትዌሩ እንደቆመ ይመዘግበዋል፤ ያለማቋረጥ መመርመሩን ትቶ አልፎ አልፎ ብቻ ያረጋግጠዋል። ካሜራው ምስሉ ላይ የሚያትመው ሰዓትም አልተረሳም። ቁጥሩ በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ እንደ እንቅስቃሴ ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ ያ ጥግ እንዲሸፈን መመሪያው ይመክራል። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር የሚያስተውለው ብዙ ሌሊት የካሜራ ምስል ሲያይ ያደረ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የማቆያ ዘመኑ ይመጣል። ፍሪጌት ሁሉን ቅጂ በአንድ ዕድሜ አይለካም። ተራውን ቅጂ ለ2 ቀን፣ እንቅስቃሴ ያለበትን ለሳምንት፣ ሰው የታየበትን ለወር ማቆየት ይቻላል። ቦታም ልዩነት አለው። ባለቤቱ በምስሉ ላይ ክልል ይሰምራል፤ ከአጥር ውጭ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ተራ ምልከታ፣ ከበሩ ወዲህ የገባ ግን ማንቂያ ይሆናል። ለሁለቱ የተለያየ ዕድሜ ይሰጣቸዋል። ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ያሉ ጥቂት ሰከንዶችም አብረው ይጠበቃሉ፤ ሰውየው በየት በኩል እንደመጣ የሚናገሩት እነሱ ናቸውና። ስሌቱ ተሳስቶ ዲስኩ ቢሞላ ቀረጻው አይቆምም። የቀረው ቦታ ከአንድ ሰዓት ቅጂ በታች ሲሆን ከሁሉ የቆዩት 2 ሰዓታት ይሰረዛሉ።

ባለቤቱ ቅጂውን የሚያይበት ገጽ ውበት የተመሠረተው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 0.14ኛ እትም የመመልከቻ ገጹን እንደ አዲስ ሠራው። ቀድሞ የታየው ነገር ሁሉ ለየብቻው ይዘረዘር ነበር፤ አምስት እንግዶች አብረው ቢገቡ አምስት መዝገብ ነው። አዲሱ ገጽ በአንድ ካሜራ ፊት በአንድ ጊዜ የሆነውን በአንድ ካርድ ያስቀምጠዋል። ማንቂያው ቀይ፣ ተራው ምልከታ ብርቱካናማ ምልክት አለው። ባለቤቱ ያየው ካርድ እንደታየ ተመዝግቦ ከፊቱ ይነሳል። ጠዋት ገጹን የከፈተ ሰው የሚጠብቀው ሌሊቱን ሙሉ የተቀዳ ምስል አይደለም፤ ገና ያላያቸው ጥቂት ካርዶች ናቸው።

ማውዙን ካርዱ ላይ ሲያሳርፉት ድርጊቱ በፍጥነት በትንሹ ይጫወታል። ይህ ቅድመ ዕይታ ከትልቁ ቅጂ የሚቀዳ ሳይሆን ለብቻው በትንሽ መጠን የተቀመጠ ምስል ነው። በጊዜ መስመሩ ላይ ጣትን ወደላይና ወደታች ሲያንሸራትቱም የሚታየው ይኸው ትንሹ ምስል ነው፤ ስለዚህ አይንቀራፈፍም። የፈለጉት ቅጽበት ላይ ሲቆሙ ትልቁና ጥርት ያለው ቅጂ ይከፈታል። በመስመሩ ዳር የእንቅስቃሴው ብርታት በአጫጭርና በረጃጅም ሰረዞች ስለሚታይ፣ ሞዴሉ ያልለየው ነገር ቢኖር እንኳ የት መፈለግ እንዳለብዎ ይጠቁምዎታል። ጥቂት ተጨማሪ ሜጋባይት ተከፍሎበት የባለቤቱ ብዙ ደቂቃ ይተርፋል።

ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ለረጅም ጊዜ ዋናው መንገድ ያምል የሚባል የጽሑፍ ፋይል ነበር፤ እዚያ አንድ ባዶ ቦታ ከተሳሳተ ሥርዓቱ ላይነሳ ይችላል። ማየትን እንዲህ ያቀለለ ሥራ ማዘዝን ለባለሙያ መተዉ ያሳዝናል። ዲስኩን ራሱን ከፍቶ ፋይል ለሚፈልግ ሰውም ሌላ እንቅፋት አለ። ፎልደሮቹ በቀን፣ በሰዓትና በካሜራ ስም በሚገባ የተደረደሩ ቢሆኑም ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ነው። 05 የተባለው ፎልደር የአዲስ አበባን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ 18 የተባለው ከምሽቱ 3 ሰዓትን ይዟል። ገጹ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ዲስኩን በእጅ የሚበረብር ግን ማስላት አለበት።

እነዚህ ጉድለቶች ፍርዱን አይለውጡም። ፍሪጌት የዲስክን ቦታና የሰውን ጊዜ በእኩል ዓይን የሚያይ ሥራ ነው። ይህንን ሶፍትዌር ባይጠቀሙም ከእሱ የሚወሰድ መመዘኛ አለ። በቀጣይ ካሜራ ሊገጥምልዎ የሚመጣውን ባለሙያ ስለ ሜጋፒክስሉ ብቻ አይጠይቁት። ቅጂው እንደ ይዘቱ የተለያየ ዕድሜ ሊሰጠው ይችል እንደሆነ፣ ዲስኩ ሲሞላ ምን እንደሚሆን፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚተርፍ ይጠይቁት። ከዚያም የትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ምስል እርስዎ ራስዎ በስልክዎ ፈልገው እንዲያወጡ ዕድል ይስጥዎ። ያለ እሱ እርዳታ ቶሎ ካላገኙት፣ ዲስኩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ያንን ዕቃ አይግዙ።