የ«መብራት ሄደ» ባለቤት

«መብራት ሄደ» እንላለን። «ውሃ መጣች» እንላለን። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን «መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልጉ» እላቸው ነበር። በዚህ ከሄድን የ«መብራት ሄደ» ባለቤት ራሱ መብራት ነው። በገዛ እግሩ ሄዷል። ማን አጠፋው? ለምን? መቼ ይመለሳል? ዓረፍተ ነገሩ መልስ የለውም። ውሃም እንደ ሩቅ ዘመድ ሲመቻት ትመጣለች፤ ቂርቆስም ጀሪካኑን ደርድሮ ይቀበላታል።

አሁን ደግሞ የዜናውን ቋንቋ ያዙልኝ። ለጅቡቲና ለሱዳን፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለኬንያ ኤሌክትሪክ «ሸጥን»። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ «ገንብተን አስመረቅን»። እዚህ ላይ ባለቤቱ አልጠፋም፤ «እኛ» ነው። ትክክልም ነው፤ ከደመወዙ ቆርጦ ቦንድ የገዛ ሁሉ «እኛ» ቢል ያምርበታል። ታዲያ መብራት ድንበር ሲሻገር ባለቤቱ እኛ ከሆንን፣ ካዛንቺስ ላይ ድርግም ሲል ስለ ምን በራሱ ሄደ ይባላል?

«ለጎረቤት መሸጡ ይቁም» የሚሉ አሉ። እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። የአዲስ አበባን መብራት ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ያረጀ መስመርና የተጨናነቀ ትራንስፎርመር ነው። ኃይሉ ኬንያ ድረስ ይዘልቃል፤ ከሰፈር ምሰሶ እስከ ጓዳ ያለችው አጭር መንገድ ግን ታሸንፈዋለች። ከሽያጩ ዶላር ለዚህች አጭር መንገድ ስንት እንደሚደርሳት በግልጽ ሲነገረን ያኔ «ሸጥን» ሙሉ ቃል ይሆናል።

ነዳጅ ሻጭ አገሮች ጉድጓዱ እንዳይነጥፍ ይሰጋሉ። የእኛ ስጋት ደመናው ነው፤ ከኤሌክትሪካችን ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነውና። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ሲቀንስ አገሩ ፈረቃ ገባ፤ ለውጭ የሚሸጠውም ተነካ። ያን ጊዜም ጥፋቱ የዝናብ ሆነ። ዝናብ ደግሞ አይከሰስም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ብንሆን ከዚህ ሰዋስው ተጠቃሚዎች ነን። «ወንዙ ቆሸሸ» እንላለን፤ አቆሸሽነው አንልም። ባንትይከቱ የከተማውን ጉድፍ ተሸክሞ ወደ አቃቂ ይወርዳል። አቃቂ ላይ ደግሞ ከአገራችን የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ቀደምት የሆነው አባ ሳሙኤል አለ። ለዐሥርት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ቆሞ በ2000ዎቹ መጨረሻ ታደሰ፤ ደለሉና እንቦጩ ግን ዛሬም አልለቀቁትም። ያንን ጉድፍ የላክነው እኛው ነን።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስም ነዋሪው «የልማት ተነሺ» ተባለ። ተነሺ! ተነሣ የተባለው ሰው በራሱ ፈቃድ ብድግ ያለ ይመስል። አዲሱ ሰፈሩ ሲደርስ ቧንቧው ቀድሞት ይጠብቀው እንደሆነ ግን ቃሉ አይናገርም።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን እንኳ ማን እንዳስጠማው አይነግረንም። ተረት ነውና ይቅር እንበለው። ለማስታወቂያ ግን ይቅርታ የለውም። ማን አጠፋ፣ በምን ምክንያት፣ እስከ ስንት ሰዓት? ሦስቱን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ከነባለቤቱ ይጻፍልን። እኛም ፍሳሻችንን ወደ ወንዝ ስንለቅ «ለቀቅን» እንበል።