ከቀኝ እጅ በታች፦ ጃክ ማክደፍ በኒዋርክ

ስለ ኦርጋን ሶል ጃዝ የሚጽፉ ሐያስያን የኦርጋን ተጫዋቹን የጂሚ ስሚዝን ቀኝ እጅ አወድሰው አይጠግቡም። ውዳሴው ይገባዋል። ስልቱን በሙሉ በዚያ እጅ ፍጥነት ሲለኩት ግን የቀረውን የጭፈራ ማድመቂያ አድርገው ያሳንሱታል። ሌላው ኦርጋን ተጫዋች ብራዘር ጃክ ማክደፍ እ.ኤ.አ. በጁን 1963 በኒው ጀርሲዋ ኒዋርክ፣ ፍሮንት ሩም በተባለው ክለብ ከታዳሚ ፊት ተጫውቶ ፕሬስቲጅ ያሳተመለት አልበም በዚህ መለኪያ ተበድሏል። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው የሃያ ዓመቱ ጆርጅ ቤንሰን ጊታር ስለተጫወተበት ነው።

ሬድ ሆሎዌይ ቴነር ሳክስፎን፣ ጆ ዱክስ ድራም ይዘዋል፤ ቤዝ ተጫዋች የለም። ቤዙን የተሸከመው ማክደፍ ነው። ወደ ኦርጋን ከመምጣቱ በፊት ቤዝ ይጫወት ስለነበር ታችኛው ድምፅ በእሱ ዘንድ አጃቢ ሆኖ አያውቅም።

ማክደፍ የሚጫወትበትን የሃሞንድ ኦርጋን ጠባይ ልብ እንበል። የፒያኖ ድምፅ ገና እንደተመታ መክሰም ይጀምራል። የሃሞንድ ድምፅ ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ በተነሳበት ጉልበት ይቀጥላል፤ አጥብቀው ቢመቱትም አይጎላም። እናም ተጫዋቹ ምቱን የሚያወጣው ጣቱን በሚያነሳበት ቅጽበት ነው። ጥቂት ቢዘገይ ኖታዎቹ ይደራረባሉ፤ ጥቂት ቢቸኩል ሐረጉ ይበጣጠሳል። ቁልፉ ሲነካ የሚሰማው ጠቅታ እንኳ፣ የፋብሪካው መሐንዲሶች እንደ ጉድለት የቆጠሩት፣ በጃዝ ተጫዋቾች እጅ ምት ሆኗል። ከአልበሙ «ሮክ ካንዲ»ን በዚህ ጆሮ ያዳመጠ፣ ማክደፍ ዝምታን የት የት እንደሚያስገባ ይሰማል። ሳክስፎኑም ጊታሩም የሚፈነጥዙት እሱ በከፈተላቸው ክፍተት ነው።

ሃሞንድ ከ1935 ጀምሮ ለአብያተ ክርስቲያናት የተሸጠ መሣሪያ ነው። የጥቁሮች ጉባኤ ሰባኪውን በእልልታና በጩኸት እንደሚመልስለት ሁሉ የክለቡ ታዳሚም ለተጫዋቹ ይመልሳል፤ የአልበሙ «ሳንክቲፋይድ ሳምባ» ይህን የቤተ ክርስቲያንና የክለብ ዝምድና በርዕሱ ሳይቀር ያውጃል። ይህን ሙዚቃ ከስቱዲዮ ይልቅ በቀጥታ ቅጂ የምንወደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ታዳሚው የጨዋታው ግማሽ ነው።

ከአልበሙ ሥራዎች ግን ከዲዝኒ የ1937 ፊልም የተወሰደው «ዊስል ዋይል ዩ ወርክ» አያረካኝም፤ ዜማው ቀላል ስለሆነ ቡድኑ የሚታገለው ነገር ያጣል። ዱክስ ግን እዚያም አይሰንፍም። ማክደፍና ዱክስ ምቱን እንዲህ ተጋርተው ሲጓዙ፣ ከስሚዝ የ1957ቱ የስሞልስ ፓራዳይዝ ክለብ የቀጥታ ቅጂ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ። የስሚዝ ጣቶች እጅግ ያስደንቁኛል፤ የማክደፍ ቡድን ግን ከወንበሬ ያስነሳኛል።