የሸክላና የካሴት ሰብሳቢዎች ሥራ ከመርጡለ ማርያም ሲመዘን

ጊዜ ያለፈበትን ሸክላና ካሴት የሚሰበስቡ ሰዎች ለአገራችን ሙዚቃ የዋሉት ውለታ ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ውለታ ከምርመራ አያድንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሰብሳቢዎቹ ምን እንዳዳኑና ምን እንደተዉ መመርመር ሲሆን፤ መመዘኛው የተወሰደው ከእነብሴ ሳር ምድር ከመርጡለ ማርያም አድማጭ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ውለታው ይነገር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፤ ዐምሐ እሸቴ በ1969 ደንቡን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሕንድ አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ከአብዮቱ በኋላ ሸክላው ቀስ በቀስ ቀርቶ ካሴት ቦታውን ያዘ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የመሐሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ፍለጋ ባይጀምርና በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ማውጣት ባይጀምር ኖሮ፤ የዚያ ዘመን ሥራ ብዙው በየሣጥኑ በቀረ ነበር።

ፋልሴቶ የጡሩምባና የጊታር ወዳጅ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። 2ኛው ቅጽ የከተማ አዝማሪዎች፤ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና፤ 16ኛው የአስናቀች ወርቁ ክራር ነው። 27ኛውም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በበርሊን ያስቀረጹትን ድምፅ ይዟል።

ነቀፌታችን ግን በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ ሰብሳቢዎች «ወርቃማ ዘመን» የሚሉት ከሁሉ በፊት የሸክላ ዘመን ነው። የትንሹ ሸክላ አንድ ገጽ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። አዝማሪ በሠርግ ቤት እንግዳውን እያየ፤ ግጥም እየተቀበለ የሚያስረዝመው ዘፈን በዚህ ልክ አይገባም። ስለዚህ ዕቃው የያዘውን የዘመኑ ምርጥ ነው ብሎ መፍረድ፤ በማሰሮው ልክ ምንጩን መስፈር ነው።

ሁለተኛ፤ ሰብሳቢው የሚሻው የመጀመሪያውን እትም ከነሽፋኑ ነው። ከቅጂ የተቀዳ፤ ስም ያልተጻፈበት ካሴት ለእርሱ ዋጋ የለውም። ነገር ግን መብራት ባልደረሰበት ገጠር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ቴፕ ነበር ዘፈንን ያደረሰው፤ በሞጣና በቢቸና መንገድም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሠርጉ ዘፈንና የመንደሩ አዝማሪ ተቀድተው ከሆነ ያሉት በዚሁ በተናቀው ካሴት ላይ ነው። የካሴት ክር ደግሞ የማግኔት ዱቄት የተቀባ ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት፤ አቧራና እርጥበት ያበላሹታል፤ ከቅጂ ላይ በተቀዳ ቁጥርም ድምፁ ይደክማል።

ሦስተኛ፤ ቃሉ ይቀራል። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ባሉበት በጎጃም አድማጭ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ብሎ ነው፤ ዜማው ቢያምርም ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ አይረካም። የ«ኢትዮፒክስ» ሐተታ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የሚጠቅመውም በቅድሚያ ለውጭ አገር አድማጭ ነው። አማርኛ የማያውቅ ሰው ጥልቅ ትዝታ ሰማሁ ሲል የሚሰማው እውነት ነው፤ ግማሹ ግን አምልጦታል።

የተሻለ አሠራር እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘ፤ ባለቤቱንም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ አፈላልጎ ካገኘው በኋላ በስምምነት በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እዚህ ላይ ዕቃው ወደ ሰውዬው የሚወስድ መንገድ ሆነ እንጂ የሰውዬው ምትክ አልሆነም።

እንግዲህ ሰብሳቢን መውቀስ ብቻ ሥራ አይሆንም። ለክረምት ወደየአገራችን የምንገባ ተማሪዎች ከዘመድ ሣጥን ያለውን ካሴት ባለቤቱን አስፈቅደን ብንገለብጥ፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ፤ በምን በዓል እንደተዘፈነ፤ ሽማግሌዎቹ ግጥሙን እንዴት እንደሚፈቱት ብንጽፍ፤ ዋናውንም ካሴት እዚያው ብንተው፤ ሰብሳቢዎቹ ያልደረሱበትን ግማሽ እናገኛለን። ክሩን ከብልሽት ማዳን ለሌላ ጊዜም ይቻል ይሆናል፤ ፍቺውን የሚያውቁት አዛውንት ግን አይጠብቁንም።