የቀጂው እጅ

በሶቭየት ኅብረት የተሠራውን ኬአር 580 ቪኤም 80 ኤ ከኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ጎን ቢያስቀምጡት ዓይን ቶሎ አይለያቸውም። ሁለቱም በአንድ ጎን 20፣ በሌላው 20 እግር አላቸው። ካሊፐር ግን ይለያቸዋል። አሜሪካኖቹ በኢንች ስለሚለኩ ከእግር እስከ እግር ያለው ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሶቭየቶቹ ወደ 2.5 አጠጋግተውታል። 0.04 ሚሊ ሜትር ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። በ19ኙ ክፍተቶች ሲጠራቀም ግን 0.76 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የዳሮቹ እግሮች ቀዳዳቸውን ይስታሉ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ቢፋቅ እንኳ ቺፑ አገሩን ይናገራል።

ይህ ለድጓ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም ተማሪው ድጓውን ራሱ እየጻፈ፣ ከፊደሉ በላይ ምልክቱን እያኖረ ይማራል። አንድ ዓይነት ግድፈት በሁለት መጻሕፍት ላይ ከተገኘ ወይ አንዱ ከሌላው፣ ወይ ሁለቱም ከአንድ እናት መጽሐፍ ተቀድተዋል። ትክክለኛው ንባብ የሁሉም ስለሆነ ምንጩን አያሳይም፤ ግድፈት ግን ዘር አለው።

ፍራንክሊን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተያዘው በዚሁ መንገድ ነው። ከአፕል 2 ጋር እንዲስማማ ሠርቶ ባወጣው ኤስ 100 በተባለው ኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ የአፕል ባለሙያ የነበረው የጄምስ ሂውስተን ስም ሳይነካ ተገኘ፤ «አፕልሶፍት» የሚለው ቃልም እንደዚያው። ቀጂው ስሙን እንኳ ሳያነብ አልፎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሮም ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራምም በቅጂ መብት ሊጠበቅ እንደሚችል ወሰነ።

ቀጂን አስቀድሞ ያሰበ ባለሙያም ነበር። ዛይሎግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን ዜድ 80 የነደፈው ማሳቶሺ ሺማ በቺፑ ውስጥ ስድስት ያህል ወጥመድ አኑሯል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጎረቤቶቻቸው የማይለዩ፣ በሥራ ግን ሌላ የሆኑ ትራንዚስተሮች ናቸው። መልኩን ብቻ አይቶ የገለበጠ ሰው የማይሠራ ቺፕ ይዞ ይቀራል። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ የተረዳ ብቻ ያልፈዋል።

ሆኖም ቅጂ ሁሉ የሌብነት ሥራ አይደለም፤ ትልቅ ጥበብ ያረፈበትም አለ። ኮምፓክ እ.ኤ.አ. በ1982 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የሚስማማ ማሽን ሲያስተዋውቅ ባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፣ አልገለበጠም። አንዱ ቡድን የአይቢኤሙ ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ብቻ መዘገበ፤ ያንን ፕሮግራም አይቶ የማያውቅ ሌላ ቡድን መዝገቡን ይዞ ከባዶ ጻፈው። የቡልጋሪያው ፕራቬትስ 82 ደግሞ በአፕል 2 ላይ ተመሥርቶ፣ የአፕል 2 ፕሮሰሰር የሆነውን 6502ን በተከተለው በሲኤም 630 ፕሮሰሰር ይሠራ ነበር። ሠሪዎቹ የእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደላት የነበሩበትን ቦታ ወስደው የሲሪሊክ ፊደላትን አስገቡበት። የራሱን ፊደል በማሽን ላይ ለማየት ለደከመ ሕዝብ የዚህ ለውጥ ክብደት ይገባዋል። እዚህ ላይ የቀጂው እጅ የሚታወቀው ባጠፋው ሳይሆን በጨመረው ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤት መጋዘንም ሆነ በመርካቶ የአሮጌ ዕቃ ክምር መካከል ያልለመዱት ኮምፒውተር ሲገኝ ኤሌክትሪክ ላይ ለመሰካት አይቸኩሉ። ከፍተው ቦርዱን በደንብ ፎቶ ያንሱት፤ የቺፖቹን ቁጥር ይመዝግቡ። 8342 የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ1983 በ42ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ከቦርዱ ጋር የተበየዱት ቺፖች ቀን ከሽፋኑ ላይ ካለው ዓመት ዘግይቶ ከተገኘ ወይ ተጠግኗል፣ ወይ ልብሱ የራሱ አይደለም። የመስታወት መስኮት ባለው ቺፕ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ግን አይላጡ። የፀሐይ ብርሃን ለብዙ ቀን ካገኘው የያዘው ፕሮግራም ሊጠፋ ይችላል፤ ወረቀቷ ላይ በእጅ የተጻፈው የእትም ቁጥርም ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ሽፋን ይተካል፤ የጠፋ ፕሮግራም ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው አይመለስም። የማሽኑን ዘር የሚነግረን ደግሞ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።