የውኃው ሳህንና የስሪንጁ መስመር፦ የስኳር በሽታ በውሾች

ጓሮ በሌላቸው የለንደን አፓርታማዎች ሌሊት ተነሥቶ በሩን የሚቧጭር፣ ለዓመታት ያላደረገውን ዛሬ ምንጣፍ ላይ የሚሸና ውሻ ብዙ ጊዜ እንደ ባለጌ ይቆጠራል፤ ይህ ፍርድ ግን የታመመን እንስሳ መበደል ነው። ቆሽት ኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ሆርሞን፣ ማመንጨት ሲያቅተው በደም የተከማቸው ስኳር ኩላሊት መልሶ ሊይዘው ከሚችለው መጠን ያልፍና ውኃ አስከትሎ በሽንት ይወጣል፤ ስለዚህም ውሻው ደጋግሞ ይሸናል፣ ይጠማል፣ እየበላም ይከሳል። በመሆኑም ውኃውን ለክቶ መስጠትና ማታ የተረፈውን መልሶ መለካት የመጀመሪያው ምርመራ ሲሆን፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ1 ሊትር በላይ ከጠጣ ደሙም ሽንቱም ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። የሽንቱን ጣፋጭነት በሰው ላይ ያስተዋለው የለንደኑ ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1674 ስለዚሁ ጽፏል፤ በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን የተገኘውም በውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ ነውና፣ ለእነርሱ የሚደረገው ጥንቃቄ ብድር መመለስም ጭምር ነው።

ሕክምናው የጎደለውን ኢንሱሊን በመርፌ መተካት ነው፤ በብሪታንያ ለውሻ ከሚታዘዙት ኢንሱሊኖች አንዱ የሆነው ካኒንሱሊን ከአሳማ የሚገኝ ሲሆን፣ የአሳማና የውሻ ኢንሱሊን በአሚኖ አሲድ አደራደር አንድ ዓይነት ናቸው። አደጋው ያለው ስሪንጁ ላይ ነው፤ ካኒንሱሊን በአንድ ሚሊሊትር 40 ዩኒት ሲይዝ፣ የተለመደው የሰው ስሪንጅ ግን የተሰመረው 100 ዩኒት ለሚይዝ መድኃኒት ነው። የታዘዘው 10 ዩኒት ሆኖ በሰው ስሪንጅ እስከ 10ኛው መስመር የተቀዳ እንደሆነ ለውሻው የሚደርሰው 4 ዩኒት ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት እንግዲህ ስሪንጁን አገላብጦ ማየት ይገባል።

መርፌው አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ ውሻው አልበላም ካለ ሙሉውን መጠን ከመውጋት በፊት የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። መርፌ ከተወጋ በኋላ መንገዳገድ ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ድዱ ላይ ማር ቀብቶ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ግድ ነው። ያልመከነች ሴት ውሻ ከሆነች፣ ከኮርማ ፍለጋዋ በኋላ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያውክ፣ ማምከኑ የሕክምናው ክፍል ይሆናል።

በሽታው የሚያመጣው የዓይን ሞራ ግን ስኳሩ በደንብ ቢያዝም ብዙዎቹን ውሾች አይምርም፤ ባለቤቱ ራሱን በመውቀስ ጊዜ ከሚያጠፋ ብሌኑ ነጣ ማለት እንደ ጀመረ ለዓይን ሐኪም ቢያሳይ፣ እይታን የሚመልሰው ቀዶ ሕክምና ሳይረፍድ ሊታሰብበት ይችላል።