በማረጋገጫ ውስጥ ያለፈ ስሕተት፤ ስለ ጆን ቤንትሌይ «ፕሮግራሚንግ ፐርልስ» የቀረበ ትችት

የዳታ ስትራክቸርና የአልጎሪዝም ትምህርት ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የሙያው መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አጠናናችን ብዙውን ጊዜ ለፈተና የሚሆነውን ሠንጠረዥ በቃል ከመያዝ አያልፍም። ይኸኛው ዘዴ ፈጣን ነው፥ ያኛው ዝግተኛ ነው ብለን ከጻፍን ዕውቀቱን የጨበጥን ይመስለናል። ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት፥ መጀመሪያ በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመውን የጆን ቤንትሌይን «ፕሮግራሚንግ ፐርልስ»፥ በተለይም ስለ ትክክለኛ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚናገረውን አራተኛውን ምዕራፍ መመርመር ይጠቅማል።

ምዕራፉ የተመሠረተው ባይነሪ ሰርች በሚባለው የፍለጋ ዘዴ ላይ ነው። በተራ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ሲፈለግ በመጀመሪያ መካከለኛው ይታያል። የሚፈለገው ከርሱ የሚቀድም ከሆነ የኋለኛው እኩሌታ፥ የሚከተል ከሆነ ደግሞ የፊተኛው እኩሌታ ይተዋል፤ በቀረውም ላይ ይኸው ይደጋገማል። በዚህ ዓይነት አንድ ሚሊዮን ስሞች ካሉበት መዝገብ የተፈለገውን ለማግኘት ከ20 የማይበልጥ ማወዳደር ይበቃል።

ቤንትሌይ ይህን ቀላል የሚመስል ዘዴ በሙያው ላይ ለሚገኙ ከመቶ ለሚበልጡ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰጥቶ እንዲጽፉት አደረገ። ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ነበራቸው። ከዚያም የገዛ ሥራቸውን ሲመረምሩ ከመቶው ዘጠናው ስሕተት አገኘበት። ደግሞም ዶናልድ ክኑዝን በመጥቀስ፥ ዘዴው በ1946 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ እንከን የሌለበት ሆኖ እስኪታተም ድረስ 1962 መድረሱን ያስታውሳል። ሐሳቡን ማወቅና ሐሳቡን ጽፎ ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም።

የመጽሐፉ ብልጫ ደካማውን በማሳፈር ሳያበቃ መድኃኒቱን ማሳየቱ ነው። ይኸውም «የሚፈለገው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ካለ በነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ይገኛል» የሚለው አነጋገር በያንዳንዱ ዙር እውነት ሆኖ መቆየቱን ደረጃ በደረጃ መመርመር ነው። በዚህ ትምህርት ማረጋገጫ የሒሳብ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የጸሐፊው የዕለት መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ምዕራፉ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ምስጋናው ጉድለቱን እንዳናይ ሊያግደን አይገባም። በተማሪነቱ የቤንትሌይን ትምህርት የሰማው ጆሹዋ ብሎክ በ2006 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፥ በዚህ ጥንቃቄ የተረጋገጠው ፕሮግራም ስሕተት ነበረበት። ብሎክ ራሱ ለጃቫ ቋንቋ ያዘጋጀውም ፕሮግራም ያንኑ ስሕተት ይዞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆይቷል። ስሕተቱ ያለው መካከለኛውን ቦታ ለማግኘት ሁለቱ ወሰኖች ተደምረው በሁለት በሚካፈሉበት መስመር ላይ ነው። በሒሳብ ይህ ፍጹም ትክክል ነው። በኮምፒዩተር ግን ቁጥር ወሰን አለው፤ በ32 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ድምሩ ከዚህ ሲያልፍ ከዜሮ በታች ወደ ሆነ ቁጥር ይለወጣል። መፍትሔው የወሰኖቹን ልዩነት በሁለት ከፍሎ በታችኛው ወሰን ላይ መደመር ነው።

በ1986 አንድ ቢሊዮን ነገር የሚይዝ ዝርዝር ማን ያስብ ነበር ተብሎ ይመለስልን ይሆናል። ይህ መልስ በከፊል እውነትነት አለው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያቆምም። በዚያው ዘመን በ16 ቢት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ የነርሱም ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። የታችኛው ወሰን 15,000፥ የላይኛው 20,000 ቢሆን ድምሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ የጎደለው ማረጋገጫው ስለየትኛው ቁጥር እንደሚናገር መጠየቅ ነው፤ የሒሳቡ ቁጥር ነውን? ወይስ የኮምፒዩተሩ?

ይህ ከኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በአበገደ ተራ ነው። ሀለሐመ ለምዶ ያደገ ተማሪ በ«በ» የሚጀምር ቃል ፈልጎ መካከሉን ሲገልጥ «መ» ላይ ቢደርስ፥ በርሱ ተራ «በ» ከ«መ» በኋላ ስለሆነ ወደ ፊት ይገልጣል፤ ቃሉ ያለበትን የፊተኛውን እኩሌታ ግን ትቶታል። እርምጃው ሁሉ ደንቡን የጠበቀ ነው፤ ሆኖም ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ ሳለ «የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ያሳሳተው ዘዴው አይደለም፤ ዘዴው የቆመበትን ሁኔታ አለመጠየቁ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤንትሌይ ይነበብ፤ ነገር ግን ከነስሕተቱ ይነበብ። መምህራንም በፈተና ላይ የዘዴውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ዘዴው የሚሠራው ምን ምን ሲሟላ እንደሆነ ይጠይቁን። እኛም ፕሮግራማችንን በባዶ ዝርዝር፥ አንድ ነገር ብቻ ባለው ዝርዝር፥ በተቻለ መጠን ትልቅ በሆነውም ዝርዝር እንፈትነው። ቤንትሌይን የሚያህል ጠንቃቃ መምህር የሳተው ነገር እኛን አያገኘንም ብሎ መተማመን አይገባም።